ማንም ጽፎት የማያውቅ ግስ እንዴት ይገነባል? የፕሮቶ ኢታሊክን "አደረገ" ደረጃ በደረጃ

ላቲን የተማረ ሰው ፋኪዮኦ የሚለውን ግስ ያውቀዋል፣ "አደርጋለሁ፣ እሠራለሁ" ማለት ነው፣ ፋክት፣ ኢፌክት፣ ኦፊስ የምንላቸው ሁሉ እዛ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው ወይ በጋብቻ ወይ በደም። ዛሬ ግን ስለ ላቲኑ አይደለም የማወራው፣ ከላቲኑ በፊት ስለነበረው ነው። ላቲን፣ ኦስካን፣ ኡምብሪያን፣ ፋሊስካን የሚባሉት የጥንት ጣልያን ቋንቋዎች አንድ እናት ነበራቸው፣ እሷን ፕሮቶ ኢታሊክ እንላታለን፣ አንድ መስመር እንኳን ጽፋ አልተወችልንም። ስለዚ ግሱን ከልጆቿ አፍ እየለቃቀምን መልሰን መገጣጠም አለብን።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልበል። ፊደላችን አናባቢ ሲረዝም ምልክት የለውም፣ እዚ ስራ ላይ ደሞ ርዝመት ሁሉም ነገር ነው፣ ስለዚ ረጅሙን አናባቢ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ፌ አጭር፣ ፌኤ ረጅም፣ ዮ አጭር፣ ዮኦ ረጅም። ፊት ለፊቱ ኮከብ (*) ያለበት ቃል ተጽፎ የተገኘ ሳይሆን እኛ የገነባነው ነው። ኮከቡን በጭራሽ አትርሱት፣ ኮከብ የሌለው ግምት ውሸት ነው።

አንደኛ፦ ማስረጃውን ሰብስቡ፣ ላቲኑን ግን ዳር አስቀምጡት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚ ነው። ላቲን ብዙ ስለተጻፈ ብቻ እንደ አባት ይታያል፣ ሌሎቹ እንደ ተበላሸ ላቲን። አይደለም፣ ወንድማማቾች ናቸው፣ ያውም አንዳንዴ ታናሽ የሚመስለው ነው የእናቱን መልክ የያዘው። ወረቀት ወይ ኤክሴል አውጡና በየቋንቋው አምድ ስሩ።

ላቲን፦ ፋኪዮኦ (አደርጋለሁ)፣ ፌኤኪኢ (አደረግኩ)፣ ፋክቱስ (የተደረገ)። ቆየት ካለው ላቲን ደሞ ዱዌኖስ የሚባለው ጽሑፍ አለ፣ ሮም ኩዊሪናል ኮረብታ ላይ በ1880 የተገኘ ሶስት የተጣበቁ ትናንሽ የሸክላ እቃዎች ላይ የተጫረ፣ "ዱዌኖስ ሜድ ፌኤኬድ" ይላል፣ "ዱዌኖስ ሠራኝ" ማለት ነው፣ እቃው ራሱ ነው የሚያወራው።

ከሮም ትንሽ ወጣ ብሎ ፕራይኔስቴ የሚባል ከተማ ላይ ደሞ የወርቅ መርፌ ቁልፍ አለ፣ ልብስ ማያያዣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ። "ማኒዮስ ሜድ ፌፋኬድ ኑማሲዮይ" ይላል፣ "ማኒዮስ ለኑማሲዮስ ሠራኝ"። ይሄ እቃ ብዙ ጉድ አይቷል፣ በ1887 ሄልቢግ የሚባል ጀርመናዊ ይፋ አደረገው፣ በ1980 ጓርዱቺ የምትባል ትልቅ የጽሑፍ አዋቂ "ፎርጅድ ነው" ብላ አገር ምድሩን አናወጠች፣ በ2011 ደሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ እውነተኛ ነው ተባለ። ለኛ ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ፌፋኬድ የሚለው ቃል ከወደቀ ከላቲን በኩል ያለን ትልቅ ምስክር ይወድቃል።

ኦስካን (ከሮም በስተደቡብ)፦ ፋኪያድ (ያድርግ)፣ ካፑዋ ከተማ ላይ ከተገኙት ጽሑፎች። ፋክቱድ (ያድርግ፣ ህግ ሲያዝ)፣ ፌፋኩስት (አድርጎ ከሆነ)፣ እነዚ ባንቲያ ከሚባለው ከተማ የነሐስ ህግ ሰሌዳ ላይ ናቸው።

ኡምብሪያን፦ ፋኩስት እና ፋሺያ የመሰሉ ቅርጾች፣ በ1444 ጉቢዮ ከተማ ከተገኙት ሰባት የነሐስ ሰሌዳዎች። ፋሺያ ላይ ያለው ሽ ነገር አያስደንግጣችሁ፣ ክ ከኢ ፊት ሲሆን ለስልሶ ነው፣ ወሰደ ላይ ያለው ደ "ወሳጅ" ሲሆን ጅ እንደሚሆነው አይነት።

ቬኔቲክ (ሰሜን ምስራቅ)፦ ፋግስቶ (ሠራ)። ቬኔቲክ የኢታሊክ ቤተሰብ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አለ፣ እኔ ለብቻው አምድ ሰጥቼ በሌላ ቀለም ነው የምጽፈው፣ ምስክር ነው ግን ዳኛ አላደርገውም።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዋን ፊደል ፍቱ

ሁሉም በፍ ይጀምራል። ቀላል ነው፣ *ፍ ብለን እንለፍ? ቆይ። ከጣልያን ወጣ ብለን የሩቅ ዘመዶቹን ስናይ ግሪክ "አስቀመጠ" ለማለት ኤቴኤኬ ይላል (ቴ ላይ ትንፋሽ አለበት)፣ ሳንስክሪት ዳድሃአቲ "ያስቀምጣል" ይላል፣ እንግሊዝኛው ዱ እና ጀርመንኛው ቱን እንኳን ከዚሁ ናቸው። የሁሉም አያት ኢንዶ ዩሮፒያን ላይ ድህ የምትባል በትንፋሽ የምትወጣ ድ ናት። ይቺ ድህ ጣልያን ስትገባ ቃል መጀመሪያ ላይ ፍ ትሆናለች፣ አንድ ቃል ላይ ብቻ ቢሆን አላምንም ነበር ግን በየቦታው ነው፦ ሳንስክሪት ድሁኡማስ "ጭስ"፣ ላቲን ፉኡሙስ። ግሪክ ቱራ "በር"፣ ላቲን ፎሬኤስ።

ቃል መሃል ላይ ነው ጨዋታው። ሳንስክሪት ማድህያ "መሃል" ላቲን ላይ ሜዲዩስ ነው፣ በድ፣ ኦስካን ላይ ግን ሜፊያይ በፍ። ግሪክ ኤሩትሮስ "ቀይ" ላቲን ሩቤር በብ፣ ኡምብሪያን ሩፍሩ በፍ። አንዴ ድ አንዴ ብ አንዴ ፍ። ሶስቱንም ልትወልድ የምትችል እናት ድምፅ ማን ናት? ምላስ ጥርስ መሃል ገብታ የምትወጣዋ፣ እንግሊዝኛው "ቲንክ" ላይ ያለችው፣ አማርኛ ላይ የሌለችው። ስለዚ አንዳንድ ምሁር የፕሮቶ ኢታሊኩን ግስ በዛች ድምፅ ይጀምረዋል፣ ሌላው ቃል መጀመሪያ ላይ ሁሉም ልጆች ፍ ስላሉ እናትየዋም እዛ ቦታ ላይ ፍ ብላ ነበር ይላል። እኔ ፍ እጽፋለሁ፣ ለዚ ቦታ ከልጆቹ አንዱም ሌላ ስላላሳየኝ። ሌላኛውን መጽሐፍ ላይ ካያችሁ ግን ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ሶስተኛ፦ ፋ እና ፌኤ፣ ለምን ሁለት?

ፋኪዮኦ ግን ፌኤኪኢ። አጭር ኣ አንድ ቦታ፣ ረጅም ኤ ሌላ ቦታ። እዚ ላይ ነው ግሱ የሚጣፍጠው።

የኢንዶ ዩሮፒያን ስር ጉሮሮ ላይ የምትወጣ፣ በኋላ በሁሉም ልጆች የጠፋች ድምፅ ነበረችው። ሐመሩ ሐን ልዋስና ሕ1 እላታለሁ (ቁጥሩ ሌሎች ሁለት እህቶች ስላሏት ነው)። ስሩ *ድሄሕ1 ነው፣ "ማስቀመጥ"። ግሱ እንደየቅርጹ አናባቢውን ይዞ ይመጣል ወይ ይጥለዋል፣ የኛ ሰበረ ይሰብራል ስብር እያለ እንደሚለዋወጠው ነገር ነው። ከአናባቢው ጋር *ድሄሕ1፣ ያለ አናባቢው *ድህሕ1። አሁን ሕ1 ስትጠፋ ምን ይሆናል? ከኤ ኋላ ከሆነች ኤውን አስረዝማ ትሄዳለች፦ ፌኤ። በተነባቢዎች መሃል ብቻዋን ከተጋፈጠች ደሞ ጣልያን ላይ ራሷ አናባቢ ሆና ኣ ትላለች፦ ፋ። በቃ፣ ፋ እና ፌኤ አንድ ስር ናቸው።

ይሄ ነገር ለሌላው ዓለም ተማሪ ማመን ይከብደዋል፣ "የማትሰማ ድምፅ እንዴት አናባቢ ትተዋለች" ይላል፣ ለኛ ግን የቤት ጉዳይ ነው። ግዕዝ በልዐ፣ አማርኛ በላ። ግዕዝ ሰምዐ፣ አማርኛ ሰማ። ዐይኑ ዐ ከአፋችን ጠፋ ግን መጨረሻ ላይ ኣ ትቶልን ሄደ። ግዕዙ ባይኖር "በላ ለምን እንደ ሰበረ ሶስት ፊደል የለውም" ብሎ የጠየቀ ሰው ጠፍታለች የሚላትን ድምፅ ገምቶ ኮከብ ማድረግ ነበረበት። ሶሱር የሚባለው የስዊዘርላንድ የቋንቋ ሊቅ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ በ1879 የታተመው ስራው ላይ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ፣ ማንም ያልሰማቸው ድምፆች ነበሩ አለ፣ በ1927 ኩሪሎቪች የሚባል ፖላንዳዊ ሂታይት የሚባለው የጥንት አናቶሊያ ቋንቋ ላይ ከነዛ ድምፆች አንዷ በጽሑፍ መኖሯን አሳየ። (እሷ ሁለተኛዋ እህት ናት፣ የኛዋ ሕ1 ሂታይት ላይም ጠፍታለች።)

ማረጋገጫ ፈልጉ ግን፣ አንድ ግስ ላይ ብቻ የሚሰራ ህግ ህግ አይደለም። ላቲን ያኪዮኦ "እወረውራለሁ" ያለፈው ዬኤኪኢ ነው። ያው ኣ፣ ያው ረጅም ኤ። ግሪኩ ደሞ ሄኤካ። ልክ እንደኛው መንታ። በዚ ነው ልባችሁ የሚያርፈው።

አራተኛ፦ ክ ከየት መጣች?

ስሩ *ድሄሕ1 ከሆነ ክ የለበትም፣ ሳንስክሪትም የለውም። ግሪክ ግን ያለፈው ጊዜ ላይ ብቻ፣ እሱም ነጠላ ላይ ብቻ አላት፦ ኤቴኤካ "አስቀመጥኩ"፣ ኤቴሜን "አስቀመጥን"። ስለዚ ክ ያለፈው ጊዜ ላይ የተለጠፈች ጭማሪ ነበረች፣ ጣልያኖቹ ጋር ስትደርስ የስሩ አካል ሆና በአሁኑ ጊዜም ገባች። እንግዲህ ፌኤክ ያለው ያለፈ ጊዜ ነው ዋናው ግንድ፣ ፋኪዮኦ ከሱ ተነስቶ የተሰራ ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚያስበው።

ትርጉሙም አብሮ ተንቀሳቅሷል፣ "አስቀመጠ" የነበረው "አደረገ፣ ሠራ" ሆነ። ይሄ ሊያስቸግራችሁ አይገባም፣ ግዕዝ ነበረ "ተቀመጠ" ነው እኛ ጋር "ዋዝ" ሆኗል። ላቲን ራሱ የድሮውን ትርጉም ቅጥያ ግሶች ላይ ደብቆ ይዞታል፦ ኮንዶኦ "አኖራለሁ፣ እመሰርታለሁ"፣ ክሬኤዶኦ "አምናለሁ"፣ የኋለኛው ከሳንስክሪት ሽራድሃአ "እምነት" ጋር አንድ ነው። እነዚ ላይ ድህ ቃል መሃል ስለገባች ፍ ሳይሆን ድ ሆናለች፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያየነው ህግ ነው፣ ለዚ ነው ክሬኤዶኦ እና ፋኪዮኦ ዘመድ የማይመስሉት።

አምስተኛ፦ የአሁን ጊዜው ግንድ

ፋኪዮኦ ላይ ከክ በኋላ ይ አለች፣ ኦስካን ፋኪያድም አላት፣ ኡምብሪያንም ክዋን ያለሰለሰችው እሷ ናት። ስለዚ *ፋክይ የሚል ግንድ። ችግሩ ላቲን "ታደርጋለህ" ሲል ፋኪስ ነው፣ በአጭር ኢ፣ "ያደርጋል" ፋኪት። ይዋ አናባቢዋን ውጣ ኢ ሆናለች ማለት ነው። ይሄ የሆነው እናትየዋ ጋር ነው ወይስ ላቲን ብቻውን?

አሁን ኦስካን ፋክቱድን አውጡ፣ ከሁሉም የምወደው ማስረጃ ነው። ኦስካን ክ እና ት ሲገናኙበት ክዋን ወደ ህ ይቀይራል፣ ላቲን ኦክታዊዩስ የሚለውን ስም ኦስካን ኦህታቪስ ይለዋል። ታድያ ፋክቱድ ለምን ፋህቱድ አልሆነም? ምክንያቱም ህጉ ሲሰራ ክ እና ት አልተገናኙም ነበር፣ መሃላቸው አናባቢ ነበረች፦ *ፋኪቶኦድ። ህጉ አልፎ ከሄደ በኋላ ኢዋ ተዋጠችና ተገናኙ። ላቲኑ ፋኪቶኦ ከነኢው አለ። የጠፋ አናባቢ በጎረቤቱ ድምፅ ተመሰከረበት፣ ፖሊስ እንኳን እንዲህ አይመረምርም። ስለዚ እኔ ኢውን ለእናትየው እሰጣለሁ፣ *ፋክዬስ *ፋክዬት ብለው የሚጽፉ አሉ፣ እነሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ ያለውን ነው የሚያሳዩት።

አሁን ጊዜ እንግዲህ፦

እኔ *ፋክዮኦ
አንተ፣ አንቺ *ፋኪስ
እሱ፣ እሷ *ፋኪት
እኛ *ፋክዮሞስ
እናንተ *ፋኪቴስ
እነሱ *ፋክዮንት

(ጾታ የለም፣ አንቺ ብለው የሚለዩበት ግስ አልነበራቸውም።) "እኛ" እና "እናንተ" ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ኦስካን እና ኡምብሪያን ጽሑፎች ህግ እና የአምልኮ ስርዓት ስለሆኑ "እሱ ያድርግ፣ እነሱ ያድርጉ" ነው ጨዋታቸው፣ "እኛ" ብርቅ ነው። ስለዚ እነዚ ሁለት መስመሮች ጫናቸው ላቲን እና የሩቅ ዘመዶች ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ ሁለት ያለፈ ጊዜ፣ አንዱን አትጣሉ

እዚ ላይ እኔ ራሴ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ስሰራው ፌፋኬድ አርጅቶ፣ መሃሉ ተውጦ ፌኤኬድ ሆነ ብዬ ጻፍኩ፣ ቆንጆ ቀስትም ሳልኩለት። ያምራል ግን ልክ አይደለም። ኣ ላቲን ላይ መሃል ስትገባ ወደ ኢ ነው የምትደክመው እንጂ አትጠፋም፦ ካኖኦ "እዘፍናለሁ" ያለፈው ኬኪኒኢ ነው። ፌፋኬድ ሮም ላይ ቢቀጥል ፌፊኪት የመሰለ ነገር ነበር የምናገኘው። ፌኤኬድ ደሞ ከግሪኩ ኤቴኤኬ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል፣ የራሱ አያት አለው።

ስለዚ ሁለት ናቸው። አንደኛው አኦሪስት የሚባለው፣ "አደረገ፣ አለቀ" የሚል፣ *ፌኤክ። ሁለተኛው ፐርፌክት የሚባለው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ደጋግሞ የሚሰራ፣ *ፌፋክ። ሮም የመጀመሪያውን ያዘች፣ ፕራይኔስቴ እና ኦስካን ሁለተኛውን። ኡምብሪያን ፋኩስትም የሁለተኛው ይመስላል፣ መደጋገሚያዋን ጥሎ። እናትየው ጋር ሁለቱም ነበሩ ማለት ነው፣ ላቲንን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ያጣል።

ሁለቱ እንደተቀላቀሉ የሚያሳየው ደሞ ጭራው ነው። ኢንዶ ዩሮፒያን ፐርፌክት ለ"እሱ" ጭራው ኤ ብቻ ነበር፣ ተነባቢ የለውም። ፌፋኬድ ላይ ያለችው ድ የአኦሪስት ጭራ ናት። የአንዱ አካል የሌላው ጭራ። እና "እኔ" ላይ ተገልብጦ የፐርፌክቱ ጭራ ነው ያሸነፈው፦ ፋሊስካን ላይ ፔፓራይ "ወለድኩ" የሚል ተጽፎ ተገኝቷል፣ ላቲኑ ፔፔሪኢ ነው። አይ ወደ ኢኢ ስትቀየር ታያላችሁ፣ ፋሊስካን ደግሞ ኣዋን ሳያደክም ይዟታል።

እኔ *ፌኤካይ፣ *ፌፋካይ
እሱ *ፌኤኬድ፣ *ፌፋኬድ

"እነሱ" ላይ ላቲን "ር" ያለበት ጭራ አለው፣ ኦስካን "ንስ" የሚል፣ አይታረቁም፣ ባዶውን እተወዋለሁ። ባዶ ሳጥን አያሳፍርም።

ሰባተኛ፦ ት ወይስ ድ

ይሄን በአጭሩ። የአሁን ጊዜ "እሱ" በት ያልቃል፣ ያለፈው እና "ያድርግ" የሚለው በድ። የድሮው ኢንዶ ዩሮፒያን ጭራ ቲ እና ት ነበሩ፣ ቲ ኢዋን ጥላ ት ሆነች፣ ድሮ ት የነበረችው ደሞ ለስልሳ ድ። ኦስካን ይሄን ልዩነት አጥብቆ ጠብቋል፣ ዱዌኖስም ጠብቋል፣ በኋላ የመጣው ላቲን ሁሉንም ት አድርጎ አበላሸው። ስለዚ "ያድርግ" ሲገነባ ከላቲኑ ፋኪያት ሳይሆን ከኦስካን ፋኪያድ ተነሱ፦ *ፋክያአድ። ትዕዛዙ *ፋኪቶኦድ፣ የተደረገው *ፋክቶስ።

ሳጥን ውስጥ የማይገቡም አሉ። ፌፋኩስት እና ፋኩስት ላይ ያለው ኡስት ኦስካን እና ኡምብሪያን የጋራቸው ነው፣ ላቲን የለውም፣ እናትየው ላይ አትጫኑባት። ላቲን ፋክሶኦ "አደርጋለሁ፣ ግድ የለም" የሚል የጥንት ቅርጽ አለው፣ ቬኔቲክ ፋግስቶም ስ አለችው፣ ሁለቱን አያይዞ *ፋክስ ማለት ያጓጓል፣ ግን አንዱ ወደፊት ነው ሌላው ያለፈ፣ ማስታወሻ ጽፋችሁ እለፉ።

ስምንተኛ፦ ወደፊት አጫውቱት

የገነባችሁትን ኮከብ ይዛችሁ ህጎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ወደ እያንዳንዱ ልጅ ንዱት። *ፋኪቶኦድ ወደ ላቲን፦ ከረጅም አናባቢ ኋላ ያለች ድ ትወድቃለች፣ ፋኪቶኦ፣ ደረሰ። ወደ ኦስካን፦ መጀመሪያ ክት ወደ ህት (አይነካውም፣ ኢ አለች)፣ ቀጥሎ ኢ ትዋጣለች፣ ፋክቱድ፣ ደረሰ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ፋህቱድ ይወጣል፣ እሱ ደሞ ባንቲያ ሰሌዳ ላይ የለም። *ፋክያአድ ወደ ኡምብሪያን፦ ክ ትለሰልሳለች፣ የመጨረሻዋ ድ ትወድቃለች፣ ፋሺያ፣ ደረሰ። *ፌኤካይ ወደ ላቲን፦ አይ ወደ ኢኢ፣ ፌኤኪኢ፣ ደረሰ።

አንዱ ካልደረሰ ህጉን አትጠምዝዙ፣ ኮከቡን አፍርሱና ከሶስተኛው ደረጃ ጀምሩ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የማገኘው እዛ ጋር ነው፣ የአናባቢ ርዝመት ላይ።